ፔጆዋን ያስነሳን ዕለት

ባለቤቴ ኢዮስያስ የታጠፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ደጃፌ ላይ ቆሜ እጄን እያውለበለብኩለት ስለነበር ነው። ወደ ሥራው የሚወስደው መንገድ አደባባዩ ላይ ወደ ቀኝ ነው። መኪናው ወደ ግራ ታጠፈ። ሌላ ምንም አልሆነም። የጮኸ ሰው የለም፣ የሮጠ ሰው የለም፣ አደባባዩን የሚጠርጉት ሴቶች እንኳ ቀና አላሉም። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ፤ ስለ እሱ የማውቀው ያንኑ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ማዕከሉ የሰውን መኪና ሁሉ ከተረከበበት ከርክክቡ ወዲህ የግል መኪና የሚባል ነገር የለም። ሰው ሁሉ የሚሳፈረው ነጩን የጋራ መኪና ነው፤ ባጭሩ «የጋራው» እንለዋለን። ሾፌር የለውም፤ የሚመራው ማዕከሉ ነው። ጠዋት ደጅህ ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ በስምህ ከነአባትህ ይጠራሃል፣ ከዚያ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ለምን ጉዳይ ነው?» ይልሃል። ጉዳይህን ትናገራለህ። ለቅሶ ነው ካልክ የሟቹን ሙሉ ስም መናገር አለብህ፤ አለዚያ በሩ አይዘጋም። እኛ የድሬ ሰዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብለን ያደግን ነን። «እርስዎ» የሚለን መኪናው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለምደነዋል። ያልለመድነው አደባባዩን ነው። ተሳፋሪው ሁሉ አደባባዩ ጋ ሲደርስ ወሬውን ያቆማል። የሚበላ ከሆነ ማኘኩን ይተዋል። መኪናው ወደ ቀኝ ሲዞር ሁሉም ትንፋሹን ይለቅና ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ማንም አላስተማራቸውም።

ጎረቤቴ ኢክራም የምትሠራው የጋራዎቹ ማደሪያ ውስጥ ነው። ወንበራቸውን ትጠርጋለች፣ መስታወታቸውን ትወለውላለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ሱመያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አናን ስድስት። ቤታችን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። የአናን ምጥ የመጣ ቀን የጋራው «ጉዳዩ ግልጽ አይደለም» ብሎ ደጅ ላይ ሲገተር፣ ልጁን በእጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አዋላጅ አይደለሁም፣ የክሊኒክ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ አርብ ከሰዓት ኢክራም በግድግዳው አላናገረችኝም። ጓሮዬ ድረስ መጥታ ከተሰጣው ልብስ መሃል ገብታ ቆመች።

«እትዬ ረድኤት፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ከእኔ አልሰማሽም።»

«በይ እሺ። ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

«የሚታጠፉት መኪናዎች ቀድመው ይፈተሻሉ። በራቸው ከውስጥ እንዳይከፈት ነው የሚፈተሸው። ዛሬ የሐሙሶቹን ስንወለውል የተሳፋሪው ስም መስታወቱ ላይ በርቶ አየሁት።» አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ወደ በሩ አየች። «ሶስና ናት፣ እትዬ። የሐሙስ ጠዋት።»

ሶስና አንድ ልጄ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጥፋቷ «አባቴ የት ሄደ?» ብላ ሦስት ጊዜ መጠየቋ ነው። ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል።

የልብስ ገመዱን ያዝኩ። ኢክራም ልብስ የምታወርድልኝ መስላ በብብቴ ገብታ ደገፈችኝ። «አናንን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ» አለች በጆሮዬ፣ «ዝም ብዬ መተኛት አልችልም።» ልብሴን አጣጥፋ ሰጥታኝ ሄደች።

ሰፈራችን የጡብ ሰፈር ይባላል፤ የከተማው የመጨረሻ ሰፈር ነው። ከእኛ ወዲያ ያለው አንድ አሮጌ መንገድ ብቻ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር በረሃውን አቋርጦ የድንበር ድንጋይ ጋ ይደርሳል፤ የጋራው ከዚያ ድንጋይ ወዲያ አይሄድም። ለምን እንደማይሄድ የነገረን የለም። ግመል ነጋዴዎች ከድንጋዩ ወዲያ ሰው አለ፣ ማንም ወዴት ትሄዳለህ ብሎ አይጠይቅም ይላሉ። በእግራቸው የሞከሩ ነበሩ። የጋራው በሃያ ደቂቃ ደርሶባቸው፣ በሩን ከፍቶ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው ብሎ አሳፍሯቸዋል።

እኔ ግን ጓሮዬ ውስጥ መኪና ነበረኝ።

ርክክቡ የታወጀ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ መኪናውን እየነዳ ወስዶ ስታዲየም ሲያስረክብ፣ አባቴ የአያቴን ፔጆ 404 ጓሮ ያለው ጋራዥ ውስጥ አስገባት። በሩን በጡብ አስደፈነው፣ ከፊቱ የፍየል በረት ሠራ። «ማንም ቢጠይቅሽ ተሸጠች በይ» አለኝ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱን ይዤ ጠበቅኩ፣ የጠየቀኝ ሰው የለም። አያቴ በዚያች መኪና ታክሲ ሠርቶ ስድስት ልጅ አሳድጓል። አባቴ ደግሞ ሊነዳት ሳይሆን እንዳትቀጠቀጥ ብሎ ነው የደበቃት፤ ሞኝ ነበር ይሉታል እህቶቹ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሙሜ ቤት ሄድኩ። ሙሜ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከድሬ መካኒኮች በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ዓይኑን ሞራ ይዞታል። ነገሩን ነግሬው ስጨርስ የጠየቀኝ ነገር ልጄን የሚመለከት አልነበረም።

«ኮፈኗ ተዘግቶ ነው የቆመችው?»

«ተዘግቶ ነው።»

«የራዲያተሯን ውሃ አፍስሶት ነበር አባትሽ?»

«ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ልጅ ነበርኩ።»

«አቦ ነይ እንሂድ» አለና ጫማውን ፈለገ።

ፍየሎቹን አወጣን፣ ከበረቱ ጀርባ ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ በመዶሻ ከፈትን። በእያንዳንዱ ምት ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር። ውስጡ የአይጥና የአሮጌ ዘይት ሽታ ነው። ጎማዎቿ ሞተው በቸርኬዋ ተቀምጣለች፣ ወንበሯን አይጥ ቦጫጭቆታል፣ አቧራው ጣት ያሰምጣል። ሙሜ እየዳበሰ ዞራት። መብራቶቿን ነካ፣ የጣሪያዋን ጠርዝ ነካ፣ ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ «ቢስሚላሂ» አለ። ሞተሯን በእጅ ሊያዞር ሞከረ፣ ንቅንቅ አላለችም።

«ደርቃለች» አለ። «ፒስተኖቹ ተጣብቀዋል። ሲያስገድዷት ትሰበራለች። ልስልስ እያደረግን እንለምናታለን።»

«ስንት ቀን?»

«እሷ ናት የምታውቀው።»

እሳት የሚሰጧትን አራት ካንዴላዎች ነቅሎ በቀዳዳዎቹ ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅሎ አንቆረቆረ። ከዚያ ወዲያ ሥራችን መጠበቅ ሆነ። ጠዋትና ማታ ማርሽ አስገብተን መኪናዋን ከኋላ ትንሽ ገፋ፣ ከፊት ትንሽ ገፋ እናደርጋታለን፤ አትሰማም። እሑድ አልተነሳችም። ሰኞም። በዚያ መሃል ሶስና በየጠዋቱ የጋራውን እየተሳፈረች ሥራ ትሄዳለች፣ ቀሪ ብትሆን ጉዳዩ ይጠየቃልና። ሐሙስ ነው ያለችው ኢክራም፤ ሐሙስ ማለት ሐሙስ ነው ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ግን በየጠዋቱ ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ መኪናው አደባባዩን ወደ ቀኝ እስኪዞር ድረስ በሩን ይዤ እጠብቅ ነበር።

ቤንዚን በአገር የለም። ሙሜ በአልኮል ትነሳለች አለኝ፤ የካርቡራተሯን ቀዳዳ በልብስ መርፌ አሰፋው። አልኮል ደግሞ ክሊኒኩ ግምጃ ቤት ውስጥ በበርሜል ነው ያለው። ሰኞ አሥር ሊትር በውሃ ጀሪካን ቀድቼ የጋራውን ተሳፈርኩ። በሩ ተዘጋ፣ ሆኖም መኪናው አልተነሳም።

«ወይዘሮ ረድኤት» አለኝ፣ «የአልኮል ሽታ ተመዝግቧል። ጠጥተዋል?»

ጀሪካኑን በእግሬ መሃል አጥብቄ ያዝኩት። በሕይወቴ ከአንድ ብርጭቆ ጠላ በላይ ቀምሼ አላውቅም።

«ጠጥቻለሁ» አልኩ።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«ባለቤቴ ናፍቆኝ።»

መኪናው «ተመዝግቧል» አለና ተነሳ። በአምሳ አራት ዓመቴ ሰካራም ሆኜ ተመዘገብኩ። ማክሰኞ ዕለት ሌላ አሥር ሊትር ስጭን ሽታውን ጨርሶ አልጠየቀኝም፤ ሰካራም ሰካራም ነው።

የሚያንጠባጥበውን የነዳጅ ታንክ ሙሜ በሳሙና ደፈነው፤ የልብስ ሳሙና እያሸ፣ እንደ ጭቃ እየለጠፈ። ለባትሪ የቤቴን የመብራት ባትሪ ነቀልን። ጎማ ስለሌለ የድሮዎቹን በጨርቅና በጭድ ጠቀጠቅናቸው። «ይህ የሚሸከመው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ ሙሜ፣ «ያውም ልጅሽ ቀስ ብላ ስትነዳ። ከሠላሳ በላይ እንዳትነዳ። አንድ ሰዓት ከታገሠቻት ድንጋዩን ታልፋለች።» ከዚህ በኋላ እኔም ከሶስና ጋር እሄዳለሁ የሚለውን ሐሳብ ተውኩት። ሞተሯን በቁልፍ የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ዝጎ አልቋል፤ የሚያስነሳት መገፋት ብቻ ነው። ገፊ ደግሞ ከኋላ ይቀራል።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እንደተለመደው ገፋ ስናደርጋት፣ ከሞተሯ ውስጥ አንድ ነገር «ቋ» አለና ወደፊት ተንሸራተተች። ሙሜ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ጠቦት ሲታረድ እንዳየ ፍየል ዓይኔን አፍጥጬ ቆሜ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የልቤ ጥግ ውስጥ፣ አትነሳም፣ ልጄም ከእኔ አትሄድም የሚል ተስፋ ነበረኝ መሰለኝ።

ሞተሯን መሞከር አልቻልንም። ከተማው ዝም ያለ ነው፤ የጋራዎቹ ድምፅ የላቸውም፣ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው የሞተር ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። አንዴ ካስነሳን መሄድ ነው። ስለዚህ ሶስና መንዳት የተማረችው በቆመች መኪና ውስጥ፣ በጡብ ከተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ነው።

«ፍሪሲዮኑን በግራ እግርሽ ርገጪ። ማርሹን ወደ አንቺ ሳቢ፣ ወደ ታች። አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ቀስ!»

«እንዴት አውቃለሁ ጋሼ፣ አትሄድም እኮ።»

«እንደምትሄድ ቁጠሪው። መንገዱን እዪው።»

ልጄ የጡቡን ግድግዳ እያየች መሪውን ታዞራለች። አንድ ጊዜ ሳቀች፤ አባቷን መሰለችኝ። ሙሜ ፍሬን ብዙ አላስተማራትም። «የሚያስፈልግሽ መሄድ ነው» አላት። «አንዴ ከተነሳች አትቁሚ። እናትሽ ብትጠራሽም፣ ብትወድቅም፣ አትቁሚ። ገና ስላልሞቀች ከቆምሽ ትጠፋለች፤ ከጠፋች ደግሞ የሚገፋሽ ሰው የለም።»

«እሺ» አለች። ልጄ እሺ ካለች እሺ ናት።

የመረጥነው ሰዓት ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ማዕከሉ ሁሉን ነገራችንን ሲቀይር የድሬን በርጫ ግን አልቻለውም። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ሙቀቱ ሰው ያቃጥላል፤ ከተማው በሙሉ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ትራሱን ተደግፎ ጫቱን ይይዛል። ከትምህርት ቤት ልጆች በቀር የሚሳፈር የለም፣ የጋራዎቹም ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ሶስና «ታምሜያለሁ» ብላ ቤት ዋለች።

ጡቡን አፈረስን፣ በረቱን አነሳን፣ ፔጆዋን በጓሮው በር አውጥተን ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ አቆምናት። መንገዳችን ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ የግንብ አጥር። ከላይ ወደ ታች ትንሽ ያዘቀዝቅና ከሰፈሩ ወጥቶ ሜዳውን ይይዛል። ሶስናን ሳምኳት። ሦስት ጊዜ፣ እንደ ማንኛውም ቀን። ከዚያ በላይ ብስማት አልለቃትም ነበር።

ሙሜና እኔ ገፋን። አልተንቀሳቀሰችም። ጭድ የተጠቀጠቀው ጎማ አሸዋው ውስጥ ሰምጧል። እንደገና ገፋን፤ ሙሜ ሳል ያዘው። ሦስተኛውን ልንሞክር ስንጎነበስ ከጎኔ ሌላ ትከሻ መጣ። ኢክራም ነበረች፣ ጉንጯ በጫት እንደተወጠረ። ቀሚሷን ሰብስባ ገፋች። ከዚያ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ደግፌ ሽርጡን እያጠበቀ ወጣ፣ በረዶ የሚሸጠው ሹኩሪ ወጣ፣ ከማዶ ቤት ሁለት ሰው፣ ከታች ቤት አራት ሰው ከነበርጫቸው ተነስተው መጡ። ማንም የማንን መኪና፣ ወዴት፣ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ግማሾቹ መኪና ሲገፋ አይተው አያውቁም። ግን እጃቸው የት እንደሚያርፍ ያውቅ ነበር።

«አንድ፣ ሁለት፣ ገፋ» አለ አቶ ደግፌ።

ፔጆዋ ከአሸዋው ወጣች፣ ቁልቁለቱን ያዘች። ሙሜ «አሁን ልቀቂ» ብሎ ጮኸ። አንዴ ዘለለች፣ ተንጣጣች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ረስቼው ነበር። ፍየሎቹ አጥር ዘለሉ። ሹኩሪ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተኛ። እኔም ፈራሁ፤ አገር ሁሉ የሰማን መሰለኝ። ሰምቶናልም።

ልጄም ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች።

ቆመች፤ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች፣ ወደ አቶ ደግፌና ወደ ገፉት ሰዎች ዞራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ አባቶቼ» ስትል ከከንፈሯ አየሁት፣ አልሰማኋትም። ለትልቅ ሰው ተነሺ፣ ሳታመሰግኚ አትሂጂ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለእናቷ እንዳትቆም ነግረናታል፤ ለሚገፏት ሰዎች እንዳትቆም የነገራት የለም፣ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ። ያወጣችው እግር ፍሪሲዮን የረገጠው እግር ነበር። መኪናዋ ዘለል አለችና ሞተሯ ጠፋ።

ዝምታው ከድምፁ ይበልጥ አስፈራኝ። ሙሜ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አቦ ምን አደረግሽ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ሮጠን ደረስን። አሁን ያለችው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሜዳ። አሥራ አንድ ሆነን ገፋን። ጉልበቴ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጉልበት ሆነ። በመካከሉ አንገቴን አዙሬ ወደ ላይ ሳይ፣ በመንገዱ አናት ነጩ የጋራ መኪና ታየ። ከኋላው ሌላ፣ ከእሱ ኋላ ሁለት። ባዶ ናቸው። አይቸኩሉም።

ፔጆዋ በሁለተኛው ተነሳች። ልጄ ወደኋላ አልዞረችም። ጭሱ ውስጥ ገባች፣ ከሰፈሩ ወጣች፣ ሜዳውን ያዘች።

አቶ ደግፌ ያን ጊዜ ያደረገውን ለምን እንዳደረገው እሱም አያውቀውም። ከደጁ ምንጣፉን ጎትቶ መንገዱ መሃል ዘረጋና ቁጭ አለ። ከርክክቡ ወዲህ ማዕከሉ ከሚኮራባቸው ነገሮች ትልቁ፣ የጋራው አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ገጭቶ አያውቅም። ሹኩሪ ገባው፣ ከጎኑ ተቀመጠ። እኛም ተቀመጥን፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አሥራ አንድ ሰው። አንድ ሰው ቢነሳ አንድ መኪና ያልፋል። እኔ ከቀኝ አጥር ሁለተኛ ነኝ፤ ከእኔ ወዲያ ያለችው ኢክራም ናት።

የፊተኛው መኪና ጉልበቴን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

«መንገዱን እንዲለቁ በአክብሮት እንጠይቃለን» አለ። ከዚያ ስማችንን አንድ በአንድ ከነአያታችን አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሙሜ ሰዓቱን ሞራ ለሌለው ለሹኩሪ ሰጠውና አሰበ። የጋራው ድንጋዩ ጋ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ፔጆዋ አንድ ሰዓት ያስፈልጋታል። «አርባ ደቂቃ» አለን። «አርባ ደቂቃ ከተቀመጥን አይደርሱባትም።»

ተቀመጥን። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የድል ያህል ነበሩ። ሹኩሪ ጫቱን አምጥቶ አከፋፈለ፤ አቶ ደግፌ «በእድራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ጉባኤ ተደርጎ አያውቅም» አለ፣ ሳቅን። የፔጆዋ ድምፅ ሩቅ ሆኖ ይሰማል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ግን ድምፁ ጠፋ፣ ሳቁም ጠፋ። የገፋንበት እጅ ቀዝቅዞ ማሰብ ጀመርን። ስማችን ለሰባተኛ ጊዜ ሲነበብ ከታች ቤት የመጣው ወጣት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። ነገ ጠዋት እያንዳንዳችን ደጅ ላይ የሚቆመውን መኪና ሁላችንም እያየነው ነው። ቢሆንም ማንም አልተነሳም።

ሃያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ መኪናው ስም ማንበቡን አቆመ።

«ወይዘሮ ኢክራም» አለ። «ልጆችዎ ሱመያና አናን ከትምህርት ቤት ተሳፍረዋል። አደባባዩ ጋ ለመድረስ ስድስት ደቂቃ ቀርቷቸዋል። መንገዱን ይለቃሉ?»

ሌላ አልጨመረም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«ከአርባው ስንት ቀረ?» አልኩ።

«አሥራ አንድ» አለ ሹኩሪ፣ ሰዓቱን እያየ፣ እኛን ሳያይ።

ይህን የሚቀጥለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ማዕከሉ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ማየት የሚፈልገውን አይቷልና። ኢክራም አልጮኸችም። ጉንጯ ውስጥ የነበረውን ጫት በመዳፏ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ በእጇ ተደግፋ ልትነሳ ሞከረች፣ አልቻለችም። ወደ ታች አየች። እጇን ይዣታለሁ። መቼ እንደያዝኳት አላውቅም።

«እትዬ» አለችኝ።

አልለቀቅኳትም። ከእኔ ትጠነክራለች፣ ብትፈልግ መንጭቃ መሄድ ትችል ነበር። አልመነጨቀችም። የምለቃት መስሏት ጠበቀች።

«እትዬ ረድኤት፣ ልቀቂኝ። ልጆቼ ናቸው።»

ከጎናችን ያሉት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። መኪናው ለአደባባዩ አምስት ደቂቃ ቀርቷል አለ። ሜዳው ላይ ጭስ አይታይም፣ ድምፅ የለም፤ የሆነ ቦታ ልጄ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ታያለች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁትም መኪናዎቹን አልነበረም።

«ትንሽ ቆዪ፣ የኔ ልጅ» አልኳት፣ እጇንም አጥብቄ ያዝኩ።